ያገለገለ ከባድ ፒክአፕ ለመግዛት፦ ናፍጣ ወይስ ቤንዚን፣ የትኛው ሞተር፣ የትኛው ዓመት?

በአሜሪካ በግንባታ፣ በግቢ ማስዋብ፣ በዕቃ ማጓጓዝና በመኪና ማመላለስ ከተሰማሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የራሳቸውን ሥራ የሚጀምሩት በአንድ ያገለገለ ከባድ ፒክአፕና በአንድ ተሳቢ ነው። ከባድ ፒክአፕ ስል በተለምዶ ሦስት አራተኛ ቶንና አንድ ቶን የሚባሉትን ማለቴ ነው፤ እነዚህም ፎርድ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350፣ ራም 2500 እና 3500፣ እንዲሁም የጄኔራል ሞተርስ ሲልቨራዶና ሲየራ 2500 እና 3500 ናቸው። የሽያጭ ማስታወቂያው ዋጋውንና ማይሉን በትልቁ ይጽፋል፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን በአንድ ቃል የሚታለፈው የሞተሩ ዓይነትና የተሠራበት ዓመት ነው። አንድ ስም ይዘው በሁለት ዓመት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፒክአፖች በጥገና ወጪ የ10,000 ዶላር ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥገና ዋጋዎች በግል ጋራዥ የመለዋወጫና የእጅ ዋጋን አንድ ላይ ይዘው የሚጠየቁ ግምታዊ መጠኖች ናቸው። የአምራቹ ወኪል በሆነ ጋራዥ ዋጋው ከዚህ ከፍ ይላል።

በቅድሚያ፣ ሥራው ናፍጣ ይፈልጋል ወይ?

አብዛኛው ገዢ ፍለጋውን ሲጀምር ልቡ አስቀድሞ ናፍጣ ላይ አርፏል። አገር ቤት ከባድ ሥራ ሁሉ በናፍጣ ሲሠራ አይተን ስላደግን ይህ አይገርምም። ሆኖም ያ የምናውቀው የናፍጣ ሞተር ፖምፓው በማርሽ የሚሠራ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው ወይም እጅግ ጥቂት የሆነበት ሞተር ነበር። በአሜሪካ ከ2007 አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ የናፍጣ ፒክአፖች ግን ጥላሸት የሚይዝ ዲፒኤፍ የሚባል ማጣሪያ በጭስ ማውጫቸው ላይ ተሸክመዋል፤ ከ2011 ጀምሮ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ራም፣ ዴፍ የሚባለውን የዩሪያ ፈሳሽ የሚጠቀም ሥርዓት ጨምረዋል። አየሩን ለማጽዳት የተደረገውን ይህን ለውጥ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ በሁለተኛውና በሦስተኛው ባለቤት እጅ ላይ የሚበላሽ ዕቃ መሆኑን ሳያሰሉ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው።

ናፍጣ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን ክርክር በቁጥር እንየው። ከባድ ተሳቢ እየጎተተ በዓመት 20,000 ማይል የሚሄድ ሰው በቤንዚን ፒክአፕ በጋሎን 8 ማይል፣ በናፍጣ 11 ማይል ያገኛል እንበል። ቤንዚን በጋሎን 3.10 ዶላር፣ ናፍጣ ደግሞ 3.80 ዶላር ቢሆን፣ ቤንዚኑ በዓመት 7,750 ዶላር፣ ናፍጣው 6,910 ዶላር ገደማ ይፈጃል። ልዩነቱ 840 ዶላር ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው የአንድ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ብልሽት 9,000 ዶላር ቢያስወጣ፣ ያንን ገንዘብ በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ ናፍጣው ገና ሲገዛ፣ በተመሳሳይ ዓመትና ማይል ካለ ቤንዚን ፒክአፕ በብዙ ሺህ ዶላር ይበልጣል።

ከዚህም የባሰው የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። ዲፒኤፍ የያዘውን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ጭሱ በበቂ ሁኔታ ሲግል ነው፤ ለዚያም ረዘም ያለ የአውራ ጎዳና ጉዞ ይፈልጋል። ጠዋት ሦስት ማይል ሄዶ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዕቃ ጭኖ፣ እንደገና አምስት ማይል የሚሄድ ፒክአፕ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ኢጂአር የሚባለው ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍልም በጥላሸት ይሞላል። ዲፒኤፍ ለመተካት ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር፣ የኢጂአር ማቀዝቀዣውን ለመለወጥ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ይጠየቃል። ስለዚህ ሥራው ከተማ ውስጥ የሆነና ከ10,000 ፓውንድ በታች በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚጎትት ሰው፣ በእኔ እምነት የቤንዚን ፒክአፕ መግዛት አለበት።

ናፍጣ የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። በዴንቨር ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ሲወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል 11,000 ጫማ በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው በግምት 3 በመቶ ጉልበቱን ያጣል፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሲሦው ገደማ የለም ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር በቱርቦው ምክንያት ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍናል፤ በቁልቁለት ደግሞ በዘመናዊዎቹ ላይ የሚገኘው በጭስ ግፊት ሞተሩን የሚያዘገይ ብሬክ የፍሬን ሸራን ከመቃጠል ያድናል። 12,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ በየቀኑ፣ በረጅም መንገድ ወይም በተራራ ለሚጎትት ሰው ናፍጣ ዋጋውን ያወጣል፤ ለእርሱ ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ናፍጣ የሚለው ነው።

የፎርድ ናፍጣዎች

ናቪስታር ለፎርድ የሠራው 7.3 ሊትር ሞተር፣ በሱፐር ዱቲ ላይ ከ1999 እስከ 2003 ድረስ የተገጠመው፣ ጠንካራ ስም አለው። የተለመደው ችግሩ የካምሻፍቱን አቀማመጥ የሚለካ ትንሽ ሴንሰር በመንገድ ላይ ድንገት ሞተሩን ማጥፋቱ ነው፤ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ በመኪናው ውስጥ ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ሞተር ዛሬ የሚያስፈራው በዕድሜው ነው፦ ዝገት፣ የደረቀ ጎማ ነክ ዕቃ፣ የተበላ ሽቦ።

በ2003 የተተካው 6.0 ሊትር ሞተር ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ እስከ 2007 ሞዴል ድረስ ያሉት በርካሽ ስለሚሸጡ ብዙ ሰው የሚጠመድባቸው ናቸው። የብልሽቱ ሰንሰለት የሚጀምረው ከዘይት ማቀዝቀዣው ነው። ውኃው የሚያልፍባቸው የማቀዝቀዣው ቀጫጭን መስመሮች በጊዜ ብዛት በዝቃጭ ይደፈናሉ። ይኸው ውኃ ከዚያ አልፎ የኢጂአር ማቀዝቀዣውን ማብረድ ስላለበት፣ ፍሰቱ ሲቀንስ ኢጂአሩ ውስጥ ይፈላል፣ ማቀዝቀዣው ይሰነጠቃል፣ ውኃውም ወደ ሞተሩ ይገባል። የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ የሚያስሩት ቡሎኖች ደግሞ ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ ተጨማሪውን ግፊት አይችሉም፤ ቴስታታው በጥቂቱ ይነሣል፣ በመካከሉ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ይቃጠላል። ሁለቱን ማቀዝቀዣዎች በጊዜ መለወጥ ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ይፈጃል። ጓርኒሲዮኑ ከሄደ በኋላ ግን ቴስታታውን አውርዶ፣ በቡሎኖቹ ፋንታ ጠንካራ ፕሪጆኒሮ (የማሰሪያ ዘንግ) አስገብቶ መመለስ ከ5,000 እስከ 8,000 ዶላር ይደርሳል፤ ብዙ መካኒኮች ለዚህ ሥራ ካቢናውን በሙሉ ከሻንሲው ላይ ያነሣሉ። ናፍጣ የሚረጩትን ስምንቱን ኢንጀክተሮች መለወጥ ሌላ ከ3,000 እስከ 4,500 ዶላር ነው። ኢንጀክተሮቹን የሚያዘው ሞጁል 48 ቮልት መስጠት አለበት፤ ከ45 ቮልት በታች ሲወርድ ኢንጀክተሮቹን ይጎዳል።

ይህን ሞተር የሚያይ ገዢ አንድ ቀላል ፈተና አለው። ፎርስካን በሚባለው ፕሮግራም የውኃውንና የዘይቱን ሙቀት እያነበበ፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ በአውራ ጎዳና በተረጋጋ ፍጥነት ይንዳ፤ ዘይቱ ከውኃው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ከበለጠ የዘይት ማቀዝቀዣው እየተደፈነ ነው። ፕሪጆኒሮውና ማቀዝቀዣዎቹ በደረሰኝ የተረጋገጠ ሥራ ያላቸው ካልሆኑ 6.0ን አልመክርም።

ቀጥሎ የመጣውን፣ ከ2008 እስከ 2010 የተሠራውን 6.4 ሊትር ሞተር በምንም ዋጋ አልመክርም። ዲፒኤፉን ለማጽዳት ናፍጣውን በሲሊንደሩ ውስጥ ዘግይቶ ስለሚረጭ የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የዘይቱ መለኪያ ከፍ ማለቱ እንደ ጥሩ ዜና የታየበት ባለቤት ሞተሩን አጥቷል። የራዲያተር መፍሰስና የፒስተን መሰንጠቅም ይታይበታል፣ ዋና ጥገናው ሁሉ ካቢና ማንሣት ይጠይቃል።

ፎርድ በ2011 ራሱ ያወጣው 6.7 ሊትር ሞተር ከሁለቱም እጅግ የተሻለ ነው። ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ላይ ቱርቦው ደካማ ነበር፤ በ2015 በትልቅ ተተክቷል፤ ስለዚህ ምርጫው ካለ ከ2015 ወዲህ ያለውን መግዛት ይሻላል። የሚያሳስበው ሲፒ4 የሚባለው የቦሽ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ነው። ይህ ፖምፓ ውኃ ወይም አየር የገባበት ናፍጣ ሲደርሰው ውስጡ ይፋጭና የብረት ብናኝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ይልካል፤ ያኔ ፖምፓ ብቻ መለወጥ ዋጋ የለውም፣ ሙሉ የነዳጅ መስመሩ ከ8,000 እስከ 12,000 ዶላር አውጥቶ ይታደሳል። ብናኙን ወደ ታንክ የሚመልስ መከላከያ ዕቃ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣል፤ ፖምፓውን ከመሞት አያድነውም፣ ኢንጀክተሮቹን ግን ያተርፋል።

ዱራማክስና ከሚንስ

የጄኔራል ሞተርስ ዱራማክስ በኦሃዮ በሞሬን ከተማ፣ ከኢሱዙ ጋር በጋራ በተቋቋመ ፋብሪካ የተወለደ ሞተር ነው፤ አገር ቤት በኢሱዙ ጭነት መኪና የሠራ ሰው ስሙን ሲሰማ ቢተማመን አልፈርድበትም። ግን እዚህም ዓመቱ ነው የሚወስነው። የትኛው ሞተር እንደተገጠመ ደግሞ ከሻጩ ቃል ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩ ስምንተኛ ምልክት በትክክል ይናገራል።

ስምንተኛው ምልክት 1 ከሆነ ከ2001 እስከ 2004 የነበረው ኤልቢ7 ነው። ኢንጀክተሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ የተገጠሙት በቫልቭ ክዳኑ ሥር ስለሆነ የእጅ ዋጋው ከባድ ነው፣ ስምንቱን መለወጥ ከ3,500 እስከ 5,500 ዶላር ይፈጃል። አምራቹ ለእነዚህ ኢንጀክተሮች እስከ 7 ዓመት ወይም 200,000 ማይል የሚደርስ ልዩ ዋስትና ሰጥቶ ነበር፤ ጊዜው ግን ካለፈ ቆይቷል። 2 የሚለው ኤልኤልዋይ ሲሆን በከባድ ጭነት የመጋልና የጓርኒሲዮን ችግር አለው። «ዲ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለበት፣ የ2006 እና የ2007 መጀመሪያ ኤልቢዚ፣ ዲፒኤፍ የሌለው፣ ጠንካራውን ሲፒ3 ፖምፓና ባለ ስድስት ማርሹን አሊሰን ካምቢዮ የያዘ ነው። ከአሮጌዎቹ ሁሉ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ችግሩ ሻጮቹም ይህን ማወቃቸው ነው። ከ2011 እስከ 2016 ያለው ኤልኤምኤል ጉልበቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሲፒ4 ተገጥሞለታል፤ የዴፍ ማሞቂያውና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሴንሰሮቹም በየጊዜው ይሞታሉ። ከ2017 ወዲህ ያለው ኤል5ፒ የዴንሶ ፖምፓ ስላለው ከዚያ ጭንቀት ነጻ ነው፤ አቅሙ ለሚፈቅድ ገዢ ከናፍጣዎቹ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው።

በራም ላይ ያለው ከሚንስ በተቃራኒው ሞተሩ ጠንካራ፣ ዙሪያው ደካማ ነው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር ስለተደረደሩ መካኒኩ ሁሉንም በቀላሉ ይደርስበታል፤ ይህ በእጅ ዋጋ ላይ የሚታይ ጥቅም ነው። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 ያለው 5.9 ሊትር ቪፒ44 የሚባለው ፖምፓው፣ ከታንክ ናፍጣ የሚልከው ትንሹ ፖምፓ ሲደክም አብሮት ይቃጠላል፤ ከ2003 እስከ 2007 ያለው 5.9 በዚህ የተሻለ ነው፣ ወጪው ኢንጀክተር ነው። ከ2007 አጋማሽ የጀመረው 6.7 ላይ ክንፉ የሚንቀሳቀሰው ቱርቦ በጥላሸት ይጣበቃል፤ ለመለወጥ ከ3,000 እስከ 4,500 ዶላር ይጠየቃል። በብርድ ጊዜ አየሩን የሚያሞቀው ክፍል ቡሎንም ተቃጥሎ ወደ ሞተሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ሙሉ ሞተር ያሳጣል፣ መፍትሔው ግን ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሚያወጣ ዕቃ ነው። የ2019 እና የ2020 ራም ሲፒ4 ተገጥሞላቸው ስለነበር አምራቹ ጠርቶ በሲፒ3 እንዲተኩ አድርጓል፤ ያ ሥራ መሠራቱን ሻጩ በወረቀት ያሳይ።

የራም ትልቁ ድካም 68አርኤፍኢ የሚባለው ካምቢዮ ነው። ከባድ ጭነት ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ አድሶ መመለስ ከ4,500 እስከ 7,000 ዶላር ነው። ከ2013 ወዲህ በአንዳንድ 3500 ላይ የሚገኘው የአይሲን ካምቢዮ እጅግ ይሻላል፣ ለተሳቢ ሥራ የሚገዛ ሰው እርሱን ቢፈልግ አይጸጸትም። ይህ ነጥብ ዱራማክስን ከአሊሰን ጋር ለሚያወዳድር ሰው ሚዛኑን በብዙ ይለውጣል።

የቤንዚኖቹ ምርጫ

እዚህ ነገሩ አጭር ነው፤ ማጠሩም በራሱ ምክንያት ነው። የፎርድ 6.2 ሊትር፣ ከ2011 እስከ 2022 ድረስ የተገጠመው፣ ከሁሉ በፊት የማየው ነው። በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ ስላለው በአንድ ጊዜ 16 ካንዴላ መግዛት ያስፈልጋል፤ አልፎ አልፎ የቫልቭ ስፕሪንግ ይሰበራል። የጄኔራል ሞተርስ 6.0 ሊትር ጉልበቱ መጠነኛ ቢሆንም ዕቃው ርካሽ፣ የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው፤ የጭስ ማኒፎልድ ቡሎኖቹ ይሰበራሉ፣ ይህም ከ800 እስከ 1,800 ዶላር ነው። የራም 6.4 ሄሚ ከሦስቱ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ነገር ግን ቫልቭ የሚገፉት ሊፍተሮች ተበልተው ካምሻፍቱን ይዘው ሲሄዱ ከ4,000 እስከ 6,000 ዶላር ያስወጣል። ሞተሩ ሥራ ፈት ላይ ሳለ በመዝሙር ምት የሚሰማ ተከታታይ መዶሻ መሰል ድምፅ ካለው መተው ነው። የፎርድን አሮጌ 6.8 ቪ10 በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ካንዴላው ከቴስታታው ተነቅሎ የሚወጣበት አጋጣሚ ይታወቃል።

ከሞተሩ ውጭ

ባለ አራት ጎማ መንጃ በሆኑ ፎርድና ራም ላይ የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ነው። ትራክ ባር የሚባለው ዘንግ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ሲላላ፣ ቴስቲኒና ቦል ጆይንት ሲበሉ፣ መኪናው በአውራ ጎዳና ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ እስኪያመልጥ በኃይል ይንቀጠቀጣል። ሻጩ መሪውን የሚያረጋጋውን ሾክ ብቻ ለውጦ ችግሩን ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሌላው ከሥር ሆኖ ዘንጉን በእጁ ይያዝ። ሙሉ ጥገናው ከ800 እስከ 2,000 ዶላር ነው። የጄኔራል ሞተርስ ፊት የተለየ አሠራር ስላለው እንዲህ አይንቀጠቀጥም።

ጨው ከሚረጭባቸው ሰሜናዊና መካከለኛ ምዕራብ ግዛቶች የመጣ ፒክአፕ ሻንሲው በመዶሻ ይመታ፤ የደነዘዘ ድምፅ ካወጣ ወይም ብረቱ ከተሰነጠረ ሞተሩ አዲስ ቢሆንም አይገዛም። በአሮጌ ሲልቨራዶና ሲየራ ላይ የፍሬን ቧንቧዎቹም ከዝገት የተነሣ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ለማየት ሲሄዱ

ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ በተነጋገርነው መሠረት በጠዋት ደርሼ ኮፈኖውን ስነካው ሞቆ ነበር፤ ሻጩ ከገበያ እንደተመለሰ ነገረኝ፣ እኔም አመስግኜ ሄድኩ። የደከመ ኢንጀክተር፣ የሰነጠቀ ማቀዝቀዣና የዛለ ባትሪ የሚናገሩት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ብቻ ነው።

የሰዓት ቆጣሪውን መመልከትም ብዙ ያስተምራል። 120,000 ማይል የሄደና 6,000 ሰዓት የሠራ ሞተር በሰዓት በአማካይ 20 ማይል ብቻ ተጉዟል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜውን ቆሞ ሲሠራ ማሳለፉን ይናገራል። ተመሳሳይ ማይል ያለውና 3,500 ሰዓት የሠራው በብዙ ይሻላል። ሲፒ4 ያለባቸው ላይ ደግሞ የናፍጣው ማጣሪያ ተፈቶ የብረት ብናኝ ይፈለግበት። የናፍጣ ፒክአፕን የሚያውቅ መካኒክ ለዚህ ሁሉ ከ200 እስከ 400 ዶላር ይጠይቃል።

ዲፒኤፉና ኢጂአሩ የተነቀለለት መኪና በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2020 ባወጣው ግምት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች እንዲህ ተነቅሎላቸዋል፤ ብዛቱ ግን ድርጊቱን ሕጋዊ አያደርገውም። የጭስ ፍተሻ ባለበት ግዛት ፍተሻውን አያልፍም፣ ዕቃውን መልሶ መግጠም ብዙ ሺህ ዶላር ነው፣ ሕጋዊ ጋራዥም አይነካውም። በዚህ መኪና በንግድ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ዋጋ የለውም።

ለንግድ የሚገዛ ሰው የክብደቱንም ሕግ ያስላ። በክፍለ ግዛቶች መካከል ለሚሠራ ሥራ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት በድምሩ 10,001 ፓውንድ ሲደርስ የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የዩኤስ ዶት ቁጥር ያስፈልጋል። ድምሩ 26,001 ሲደርስ፣ ተሳቢውም ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ፣ ሲዲኤል የሚባለው መንጃ ፈቃድ የግድ ነው። 14,000 ፓውንድ የተፈቀደለት 3500 ከ12,000 ፓውንድ ተሳቢ ጋር 26,000 ላይ ይቆማል፤ ብዙዎች ያለ ሲዲኤል የሚሠሩት በዚህ ስሌት ነው።

ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተሩ ዘይት፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት፣ የራዲያተሩ ውኃና ማጣሪያዎቹ ሁሉ ይለወጡ። 6.0 ፎርድ 15 ኳርት፣ ከሚንስ 12፣ ዱራማክስ 10 ኳርት የሞተር ዘይት ይወስዳሉ፤ ለዚህ ሁሉ በናፍጣ ከ800 እስከ 1,200 ዶላር ከመኪናው ዋጋ ውጭ ተለይቶ ይቀመጥ። በናፍጣ ላይ የነዳጅ ማጣሪያው ከ10,000 እስከ 15,000 ማይል ባለው ጊዜ ሁሉ ይለወጥ፣ በማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው ውኃም በየወሩ ይውጣ።